«እርስዎም ግቢዎን ይሙሉት»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ቬትናም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ከሆ ቺ ሚን ከተማ በስተደቡብ፣ ወንዝ ዳር የተደረደሩትን ቪላዎችና ፎቆች በፎቶ አየሁ። ያምራሉ። ጸሐፊው መጨረሻ ላይ «ደብረ ብርሃንስ የበሬሳን ወንዝ ይዛ ለምን እንዲህ አትሆንም?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ደስ ስላለኝ መልስ ልሞክር ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ፎቶው ላይ ያለው ሰፈር ኛ ቤ ነው። ኛ ቤን በዓይኔ አላየሁትም እንጂ ጭቃውን ሳይቀር አውቀዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«አንዲት የደብረ ብርሃን ጡረተኛ ኛ ቤን ከየት አወቀችው?» እንዳትሉ። ልጄ መርከበኛ ነው። ባሕር ዳር ተምሮ የመርከብ መሐንዲስ ሆነ። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተወልዶ፣ ወንዝ ሲባል በሬሳን ብቻ ያውቅ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ ሞተር ሲጠብቅ ያድራል። መርከባቸው ነዳጅ ሊያራግፍ ኛ ቤ ይቆማል። እዚያ ወንዙ ዳር ትልቅ የነዳጅ ዴፖ አለ። ፈቃድ ሲሰጡት ወርዶ ይዞራል። ኔትወርክ ሲያገኝ በቴሌግራም ድምፁን ይልክልኛል። ሌላ እናት «በላህ ወይ?» ትላለች። እኔም እላለሁ። ቀጥዬ ግን «ውሃው እስከ ምን ደረሰ?» እለዋለሁ። የሥራ ነገር ሆኖብኝ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ደብረ ብርሃን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ።

በመጀመሪያ የገረመኝ ወንዙ ነው። ሳይጎን የሚባለው ወንዝና ዶንግ ናይ የሚባለው ይገናኙና ኛ ቤ የሚባል አንድ ሰፊ ወንዝ ይሆናሉ። ትንሽ ወረድ ብሎ እንደገና ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሎንግ ታው፣ ሌላው ሶአይ ራፕ ይባላል። ትልልቆቹ መርከቦች ከባሕር የሚገቡት በእነዚህ ነው። እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል። የከበደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲሞላ ወንዙን ወደ ኋላ ይገፋዋል። «እማዬ፣ ጠዋት ወደ ባሕር ሲሄድ ያየሁት ቅጠል ከሰዓት ተመልሶ መጣ» ሲለኝ «አትቀልድብኝ» አልኩት። የኛ በሬሳ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው። ጀማ ይገባል፣ ጀማ ዓባይ ይገባል፣ በዚያው ሱዳን ግብፅ ይላል። ማን ይመልሰዋል? እዚያ ግን ከባሕሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ እንኳን ወንዙ ከሁለት ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ከመርከቡ ወደ ወደቡ የሚወረድበት መሰላል ጠዋት ደልዳላ ሆኖ ያዩት ማታ ቀጥ ብሎ ይጠብቃችኋል አለኝ።

መሬቱ ደግሞ ዝቅተኛ ነው። ብዙው ቦታ ከባሕር ጠለል አንድ ሜትር ቢበልጥ ነው። ድሮ ረግረግ፣ የሩዝ ማሳና የዓሣ ኩሬ ነበር። ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዘንባባም ሞልቶት ነበር። ቅጠሉ ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ፍሬው ይበላል። ውሃው ሲሞላ እዚያ ይገባል፣ ሲጎድል ይወጣል፤ ማንም «ጎርፍ መጣ» ብሎ አይጮኽም።

ከዚያ ከተማው መጣ። እ.ኤ.አ. በ1991 በኛ ቤ ሰሜናዊ ጫፍ ታን ቱዋን የሚባል፣ ለውጭ ገበያ የሚያመርት የኢንዱስትሪ ቀጠና ተቋቋመ። በ1993 ከታይዋን ኩባንያ ጋር በሽርክና ፉ ሚ ሁንግ የሚባል አዲስ ከተማ ረግረጉ ላይ ተጀመረ። እናንተ ፎቶ ላይ ያሉት ሰፈሮች አርአያቸው እሱ ነው። በ1997 ይሄ የለማው ሰሜን ተቆርጦ «ወረዳ 7» ሆነ። ገጠር ቀመሱ የኛ ቤን ስም ይዞ ቀረ። ቀረ ስል ግን እንደነበረ ቀረ ማለቴ አይደለም። መሀል ከተማ ዋጋው የማይቀመስለት ሰው ወደ ደቡብ ገፋ። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2019 በተደረጉት ቆጠራዎች መካከል የኛ ቤ ሕዝብ እጥፍ ሆኖ ከ200 ሺህ አለፈ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ቬትናም የወረዳን እርከን ከነጭራሹ ስታስቀር ኛ ቤም ወረዳነቱ ቀርቶ ለሁለት አስተዳደሮች ተከፈለ። የቢሮ ነገር ነው። ውሃው የትኛው አስተዳደር ውስጥ እንደገባ አይጠይቅም።

ረግረግ ላይ ቤት ለመሥራት መጀመሪያ አሸዋና አፈር ይሞላል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ባለሀብት ቦታውን ሞልቶ ከፍ ሲያደርግ፣ እዚያ ያርፍ የነበረው ውሃ የትም አይጠፋም። ያልሞላው ጎረቤት ጋ ይገባል። ጎረቤቶች ሲማረሩ መንገዱን ያነሱታል። መንገዱ ሲነሳ ቤቶቹ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራሉ። ከመንገድ ወደ ሳሎናቸው በደረጃ የሚወርዱ ሰዎች አሉ። ገንዘብ ያለው ወለሉን ያነሳል። የሌለው በሩ ላይ ጉልበት የሚደርስ የሲሚንቶ ግርዶሽ ሠርቶ እየተሻገረ ይገባል። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ አገር ስለሆነች በብርድ ልብስ ልናገር። ሦስት ሰው አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ አንዱ ወደ ራሱ ከጎተተ ዳር ያለው ይራቆታል። ኛ ቤ ውስጥ ሁሉም እየጎተተ ነው።

በዚህ ላይ ከተማው ራሱ እየሰመጠ ነው። ከሥሩ ለስላሳ ደለል ነው። ላዩ ላይ ፎቅ ተጫነበት። ከውስጡ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት ተቀዳ። በአንዳንድ ሰፈር መሬቱ በየዓመቱ በሴንቲሜትር እየተለካ ይወርዳል። ባሕሩ በበኩሉ በየዓመቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ዘንድሮ የበቃ ሙሌት ከዓመታት በኋላ አይበቃም። እንደገና ይሞላል።

ልጄ ያጫወተኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁይን ታን ፋት የሚባል ረጅም መንገድ አለ። እሱ አጠገብ አንዲት ሴት ቤቷ ደጃፍ ላይ ሁ ቲየው ትሸጣለች። የሩዝ ኑድል በሾርባ ነው፤ የደቡቦቹ ቁርስ። ልጄ ወዶታል፤ በርበሬ አነሰው እንጂ ይላል። የጥቅምት ወር ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ፣ የባሕሩ ሙላት ይብሳል። እሱ ሾርባው ላይ ሳለ በመንገዱ ዳር ካለው የቱቦ ክዳን ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ዝናብ የለም። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ፀሐዩ ያቃጥላል። ውሃው ከታች ነው የመጣው።

ሴትየዋ አልደነገጠችም። ልጄ እግሩን የበርጩማው እርከን ላይ እንዲሰቅል በእጇ አሳየችው። የጋዝ ሲሊንደሩን ከምሰሶው ጋር በገመድ አሰረች። ሞተር ብስክሌቷን ገፍታ ደረጃ ላይ አወጣች። ቀና ሲል ፍሪጁ ጡብ ላይ ቆሟል። ሶኬቶቹ ሁሉ የሰው ደረት ጋ ናቸው። ግድግዳው ላይ የድሮ ውሃ ጥሎት የሄደ ቡናማ መስመር አለ። አንዱ ከሌላው በላይ፣ ብዙ ነው። ሴትየዋ ልጄ ሲያይ አይታው የላይኛውን መስመር በጣቷ ነካችና ሳቀች። ከዚያ ተመልሳ ለሚቀጥለው ደንበኛ ሾርባ ቀዳች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አልፏል።

«ሳቀች?» አልኩት።

«ምን ታድርግ፣ እማዬ። ሰዓቱን ታውቀዋለች። ሲሄድ ጭቃውን ጠርጋ ትቀጥላለች።»

ስለ ሳቋ ብዙ አሰብኩ። ጎበዝ ናት፣ ይገባኛል። እኔ ግን የኔን ሶኬት ደረቴ ጋ መስቀል አልፈልግም።

የከተማው አስተዳደርም ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ስድስት ግዙፍ የውሃ በሮች ያሉት ፕሮጀክት ተጀመረ። ባሕሩ ሲሞላ ይዘጋሉ፣ ሲጎድል ይከፈታሉ። ሙኦንግ ቹኦይ የሚባለው ትልቅ በር እዚያው ኛ ቤ ውስጥ ነው። ዋጋው በገንዘባቸው ወደ 10 ትሪሊዮን ዶንግ ተባለ። በ2018 ያልቃል ተባለ። ሥራው ከ90 በመቶ አለፈ፣ በገንዘብና በውል ጭቅጭቅ ቆመ፣ ተነሳ፣ እንደገና ቆመ። 2025ም ሳያልቅ መጣ። ይህን የምለው ቬትናሞችን ለማማት አይደለም። ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እነሱ እንኳን እንዲህ ከተቸገሩ እኛስ እላለሁ። ረግረግ ለመሙላት ሲኖትራክና ሹፌር ይበቃል። የተሞላውን ጥፋት ለማረም ግን 10 ትሪሊዮኑም አልበቃም።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን ልምጣ። ባሕር የለንም። ወንዛችንም ወደ ኋላ አይሄድም። «ታዲያ ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም፤ ልጄ ራሱ ብሎኛል። የሚያገናኘን ሙሌቱ ነው። በከተማውና በበሬሳ መካከል ጨፌ አለ። ከመኪና መስኮት ሲያዩት ባዶ ቦታ ይመስላል። በበጋ ከብት ይግጥበታል፣ ሴቶች ኩበት ይለቅሙበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ውሃ ይተኛበታል። መሬቱ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ጠግቦ ሲያብጥ ግን ጠብታ አያሰርግም። ውሃው እዚያ ይቆይና ቀስ ብሎ በሬሳ ይገባል። ይሄንን የሰሜን ሸዋ ገበሬ ሲያውቀው ኖሯል። እነዋሪ ሄዳችሁ እዩ። ማሳውን በእጁ መደብ መደብ እያወጣ፣ በመካከሉ ቦይ እየተወ ነው የሚዘራው። መውጫ ያላገኘ ውሃ ስንዴውን ቢጫ አድርጎ እንደሚገድለው ማንም መሐንዲስ አልነገረውም።

እኔም ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የውሃ ቆጣሪ ግቢ ውስጥ፣ በር አጠገብ፣ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ክረምት ላይ አንዳንድ ሰፈር ሳጥኑ በውሃ ይሞላል። ተንበርክኬ ክዳኑን አነሳለሁ። በጣሳ ውሃውን እቀዳለሁ። ካልጎደለልኝ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ የቆጣሪውን መስታወት በጨርቅ እጠርጋለሁ። ጭቃው ተመልሶ ሳይጋርደው ቶሎ ማንበብ ነው። ጥቁሩ ቁጥር ሜትር ኩብ ነው፤ እሱን እጽፋለሁ። ቀዩን ማንም አይጠይቀኝም። የደብረ ብርሃንን የነሐሴ ብርድ የሚያውቅ ሰው ጣቶቼ ምን ይሆኑ እንደነበር ይገባዋል። «ግቢና እሳት ሙቂ» ይሉኛል፤ አንዳንዱ ቤት ቆሎ ያዘግኑኛል። ጣሳ ይዤ የምሄድበትንና የማልይዝበትን ሰፈር በልቤ ለይቼ አውቅ ነበር። ወሰኑን በእግሬ ላሳይ እችላለሁ፤ ከጨፌው ዳር ይጀምራል፣ ዳገቱ ሲነሳ ያበቃል።

አሁን ያ ወሰን ተዛብቷል። ሥራውን ከኔ የተረከበችው ልጅ ስንገናኝ ትነግረኛለች። ዱሮ በደረቅ ጫማ የምገባባቸው ግቢዎች ዛሬ ጣሳ ይፈልጋሉ። ዝናቡ በዝቶ ነው የሚል አለ። ዝናቡማ አንዳንዱ ዓመት ይበዛል፣ አንዳንዱ ያንሳል። እነዚህ ግቢዎች ግን በሁለቱም ይሞላሉ። አጠገባቸው ያለው ጨፌ ተሞልቶ ቤት ተሠርቶበታል፤ እኔ የማየው ይሄንን ነው።

የራሴንም ልናገር። ከቤቴ ጀርባ ያለውን ጨፌ አንድ የቤት ማኅበር ወሰደው። ስማቸውን አልጠራም። ነገ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ቡና መጠራራታችን አይቀርም። ሲኖትራክ ሌት ተቀን ገረጋንቲ ሲያራግፍ ከረመ። ቦታው ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ የአጥሬን ግማሽ ደረሰ። ውሃው ይወርድበት የነበረው ቦይ ከሥር ተቀበረ። በፈንታው አንድ ቱቦ ቀብረዋል፤ ልጅ ኳስ ቢጥልበት ይደፈናል። ነሐሴ ላይ ውሃው በጓሮ ግድግዳዬ ሥር ገባ። የድንች መደቤ ዋኘ። ማድ ቤት ምድጃው ጠፋ። ለዓመት ያከማቸሁት ኩበት ከሥሩ ራሰ። የራሰ ኩበት ከላይ ደረቅ መስሎ ይሸነግላችኋል፤ ስታነድዱት ጢሱ ከቤት ያስወጣችኋል።

አቤት ልል ሄድኩ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መሩኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት አገኘሁ። ትሑት ልጅ ነው፤ ወንበር ለቆልኛል። ፎቶዎቼን አየ። አዘነ። ከዚያ «እናቴ፣ ሁሉም እየሞላ ስለሆነ እርስዎም ግቢዎን ይሙሉት» አለኝ።

ክፋት የለበትም። ከልቡ እየመከረኝ ነው። እኔ ግን ሁይን ታን ፋት መንገድ ላይ ያለችው ሴትዮ ትዝ አለችኝ። እሺ፣ ልሙላ። ብሩ ከየት ይመጣል የሚለውን ተዉት። እኔ ብሞላ ውሃው የት ይሄዳል? ከኔ በታች አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድግ ጎረቤት አለችኝ። እሷ ጋ ነው የሚገባው። እሷ ደግሞ አንድ መኪና ገረጋንቲ የምትገዛበት የላትም። ውሃው እሷ ጋ ሲደርስ ነው «ችግሩ ተፈታ» የሚባለው፤ ከዚያ ወዲያ የሚጮኽ የለምና።

ከተማ አይደግ አላልኩም። ፋብሪካዎቹ ሲመጡ የሰፈሬ ልጆች ሥራ ይዘዋል። ሠራተኛ ቤት ይፈልጋል፤ ኪራዩ የት እንደደረሰ እኔም አውቃለሁ፤ አንድ ክፍል አከራያለሁ። ግን ዳገቱ ላይ ቦታ አለ። ባሕር ዛፍ የበላው ስንት ጋሻ አለ። ጨፌው የሚመረጠው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሜዳ ስለሆነ ለቀያሹ ይቀላል። የጋራ ግጦሽ ስለሆነ ካሳ ጠያቂው ትንሽ ነው። «የአባቴ ርስት ነው» ብሎ የሚሟገት የለበትም። የከብት ጠባቂ ልጅ አቤቱታ አይጽፍም። በበጋ ሲለኩት ደግሞ ውሃ የለም። እናንተም ፎቶውን የወሰዳችሁት ኛ ቤ ውሃው በጎደለበት ሰዓት ነው መሰለኝ፤ የወንዙ ዳር ጭቃ ከታች በኩል ይታያል፤ ልጄም አይቶ እንዲሁ ብሏል።

ጽሑፉ ስለ ኛ ቤ ያልተናገራቸው ደስ የሚሉ ነገሮችም አሉ። መርከቡ ከባሕር ወደ ኛ ቤ ሲገባ ካን ዞ የሚባል የማንግሮቭ፣ ማለትም ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ፣ ደን ያቋርጣል። በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ አውሮፕላኖች መርዝ ረጭተው አድርቀውት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ሰዎች በእጃቸው መልሰው ተከሉት። በ2000 ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበው። ዛሬ የባሕሩን ጉልበት ከከተማው በፊት የሚቀበለው እሱ ነው። ልጄ ሌሊት ሲያልፍበት ከመርከቡ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም ይላል። ስለዚህ ደን አንድ ገጽ ብትጽፉ ከቪላዎቹ ይልቅ እሱን አንብቤ ለጎረቤት አውሰው ነበር።

ሌላ ደግሞ እምቦጭ። የኛው እምቦጭ፣ ጣናን መከራ ያበላው። እዚያም ቦዮቹን ይዘጋል። ግን ግንዱን አድርቀው ቅርጫት፣ ምንጣፍ፣ ወንበር ይጎነጉኑበታል። ልጄ አንድ ቅርጫት አምጥቶልኝ ሽንኩርት አስቀምጥበታለሁ። ከጎርጎራ የመጣች ዘመዴ ከምን እንደተሠራ ስነግራት ቅርጫቱን ከጠረጴዛው አንስታ በር ላይ አስቀመጠችው። አልፈረድኩባትም።

ተረትም አለ። በድሮ ዘመን ቱ ሁኦንግ የሚባል ሹም ነበር አሉ። ጉቦ በልቶ በልቶ ከበረ። ሚስቱ ሞተችበት። ናፍቆቱ ሲበረታበት ሙታን አገር ድረስ ሊያያት ሄደ። እዚያ አንገት ላይ የሚገባ፣ አይቶት የማያውቅ ትልቅ የእንጨት ቀንበር ተቀምጧል። «ይሄ ለማን ነው?» ቢል «ምድር ላይ ቱ ሁኦንግ የሚባል አለ፤ እሱን እየጠበቀ ነው» አሉት። ተመልሶ ሀብቱን ለድሀ በተነ። ወንዞቹ በሚገናኙበት ቦታ ውሃው ላይ በተንሳፋፊ እንጨት ቤት ሠራ። ሩዝ፣ ጨው፣ ድስትና ማገዶ አስቀመጠበት። ውሃው እስኪገለበጥ የሚጠብቅ ጀልበኛ አብስሎ እየበላ ይሂድ ብሎ። የኛ ቤ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል ይላሉ። ሁሉም ነገር ውሃውን ከመጠበቅ ነው የተጀመረው፤ ማንም ውሃውን «ቦታ ልቀቅ» አላለውም። የቀንበሩን ነገር ደግሞ አንዳንድ መሬት አከፋፋዮች በሕልማቸው ቢያዩት አልጠላም። ይሄንን ዓረፍተ ነገር ቆርጣችሁ ብታስቀሩት አልቀየምም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይሄ ነው። በበሬሳ ዳር ያለው ጨፌ ካርታ ተሠርቶ ሳይከፋፈል በፊት፣ ውሃው ነሐሴ ላይ የሚደርስበት ቦታ በችካል ይለይ። በችካሉ ውስጥ ቤት አይሠራ። ከብት ይጋጥበት፣ ኳስ ይጫወቱበት፣ ጎመን ይተከልበት። ችካሉን ለመትከል ከባድ ጥናት አያስፈልግም። ቆጣሪ አንባቢዎችን ጠይቁ። ደብዳቤ አዳዮችን ጠይቁ። ክረምት ላይ ጀርባዋ ላይ ጀሪካን አዝላ የምትዞረውን ጠይቁ፤ የቱ ጋ ጫማዋን እንደምታወልቅ ታሳያችኋለች። ቀድሞ የተሞላው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሰው የሚገባበት ቦይ ይውጣለት። የኔ ጓሮ ጀርባ ካለው ቢጀመር ደግሞ ተቃውሞ የለኝም።

ጋዜጣችሁ የወንዝ ዳር ልማትን መውደዱን አልነቅፍም። አዲስ አበባም ወንዞቿን እያጸዳች ነው፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ወንዝ ዳር ማልማትና ወንዙ የሚተኛበትን አልጋ መሸጥ ይለያያሉ። ጸሐፊው ስለ ኛ ቤ ሁለተኛ ክፍል እጽፋለሁ ካሉ፣ ስድስቱ በሮች የት እንደደረሱ ይጻፉልን። ጥያቄ ካላቸው በኔ በኩል ይላኩ፤ ልጄ መርከቡ ኛ ቤ ሲቆም ሄዶ ያይላቸዋል። ሁ ቲየው ከጋበዙት በደስታ።

ወደ ደብረ ብርሃንም ጋዜጠኛ ላኩ። በጥር አትላኩ፤ ጥምቀት አይቶ፣ አረንጓዴ ሜዳ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይምጣ። ቦቲ ጫማ እኔ ጋ አለ፤ የልጄ ነው፣ 43 ቁጥር። ጣሳውንም አልጣልኩትም።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ